በስተርጅና የቀዳዳ ሎሌ

ሰው ሲያረጅ የልጅ ልጅ ያጫውታል፣ ዕድር ላይ ይከራከራል፣ ካልሆነም ደጁ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ሽንኩርት መሀል በጉልበቴ እየዳህኩ፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሰክቼ የጎማ ቀዳዳ ደጅ እጠናለሁ። በዘመኔ ደጅ ያልጠናሁት ቢሮ የለም፤ እንዲህ ያለ ኩሩ ግን አልገጠመኝም። ወርዱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሲያሰኘው ጠብ ይላል፣ ሲያሻው ይዘጋል፣ ለምን እንደዘጋ አይናገርም፣ «ነገ ይመለሱ» እንኳን አይልም።

በእኛ ጊዜ ውሃ ጌታ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ ውሃው በቦይ እየተንደረደረ ይመጣል፣ ልጆቹ አካፋቸውን ይዘው አንዱን መደብ ሲዘጉ ሌላውን ይከፍታሉ። ቦይ ውስጥ ጓል ቢገባ በእግርህ ትገፋዋለህ። እንቁራሪት ብትገባ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ቦይ ሲደፈን ከሩቅ ታየዋለህ፤ ትሳደባለህ፤ ይከፈታል። መቼም አልዋሽም፣ ናፍጣው ኪስ ያራቁታል፤ ከራስጌ ያለው ሽንኩርት ሲሰምጥ ከግርጌ ያለው ይጠማል፤ በውሃ ተራ የተኳረፈ ጎረቤት እስከ ፋሲካ አይታረቅም። ቢሆንም የምኳረፈው ከሰው ጋር ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ይቅር ለእግዜር ይባላል። ወደ ጎማ ቀዳዳ ማን ሽማግሌ ይልካል?

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። መስኖ ተምሮ መጣና «ጋሼ፣ በጠብታ መስኖ ውሃው ለሥሩ ብቻ ይደርሳል። ናፍጣ ይተርፍዎታል፣ አረም ይቀንስልዎታል፣ ጉልበትዎም ያርፋል» አለኝ። ውሃው ለሥሩ ደርሷል፣ ናፍጣውም ተርፏል፣ አረሙም ቀንሷል፤ የልጁን ሐቅ አልበላም። ጉልበቴ ግን ይኸው መሬት ላይ ነው።

ጥቁር ጎማ ተዘረጋ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከጎማው የውስጥ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ተጣብቃለች፤ ኢሚተር የሚሏት እሷን ነው። ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት አንድ ባር ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ታንከር የሚያወርደው ያህል ማለት ነው። እንዲህ የተቆጣ ውሃ ቀዳዳ ካገኘ ይተፋል እንጂ አይንጠባጠብም። ስለዚህ የኢሚተሯ ሥራ ውሃ ማሳለፍ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ሥራዋ ውሃውን ማድከም ነው፤ አድክማ አድክማ በሰዓት 2 ሊትር ብቻ እንዲወጣ ማድረግ።

በምን ታደክመዋለች? የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዘዴ ቀዳዳውን ማጥበብ ነው። አስልቼዋለሁ፤ ጎማውን ዝም ብለህ ብስተህ በሰዓት 2 ሊትር ብቻ ይውጣ ካልክ፣ የቀዳዳው ወርድ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ይህን ለመድፈን አሸዋ አያስፈልግም፤ ክፉ ሐሳብ ይበቃዋል። ሁለተኛው ዘዴ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ መንገዱን ማስረዘምና ማጠማዘዝ ነው። ውሃው ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል፤ የመንገዱ ስፋትም ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ርዝመትና ጠመዝማዛ ከፍለህ ስፋት ትገዛለህ፤ ስፋት ስትገዛ ከመደፈን ትተርፋለህ። ይህን ያወቀ የጠብታ መስኖን ግማሽ አወቀ። የእኛ ሻጮች የሚያውቁት ርዝመት ግን የጎማውን ብቻ ነው፤ በሜትር ስንት ብር።

የነገሩ ጠንሳሽ ሲምሃ ብላስ የሚባል የውሃ መሐንዲስ ነው። ዋርሶ ተወልዶ ወደ ፍልስጤም የሄደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዛፍ ከእኩዮቹ ሁሉ ተለይቶ ገዝፎ አየ፤ ቢመረምር ከሥሩ አጠገብ የቧንቧ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። እኛ ብንሆን ቧንቧ ሠራተኛ እንጠራ ነበር። እሱ ነገሩን በሆዱ ይዞ ቆየ። ፕላስቲክ ሲመጣ ከልጁ ጋር ሆኖ ውሃው በረጅምና ቀጭን ጠመዝማዛ መንገድ እየተሻሸ እንዲደክም አደረገ። በ1965 በኔጌቭ በረሃ ካለው ከሃጼሪም ኪቡትዝ ጋር ተዋዋለና ኔታፊም የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። በረሃው ለመለመ፣ እግዜር ይስጠው። ስለ እኔ ወገብ ግን ያሰበ አልነበረም።

ያ ረጅምና ቀጭን መንገድ አንድ አመል አለው። ውሃው ውስጡ ሲሄድ በጸጥታ ነው፤ በጸጥታ የሚሄድ ውሃ ደግሞ ለግፊት አጎብዳጅ ነው። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ውሃውም በግማሽ ይቀንሳል። ከሞተሩ አጠገብ ያለው ሽንኩርት ይጠግባል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይጾማል፤ ታዲያ ከቦዩ በምን ተሻለ? በዚያ ላይ ሙቀት ያታልለዋል። ጥቁር ጎማ በመቂና በዝዋይ ቀትር ምን እንደሚሆን እጁን ያስነካ ያውቃል። ውሃ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲደርስ በእንዲህ ያለው ኢሚተር የሚወጣው ውሃ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ጠዋት አንድ ሊትር የሰጠህ ቀትር ላይ አንድ ሊትር ተኩል ይለግስሃል፤ ሲመሽ ደግሞ እጁ ይሰበሰባል። ቸርነቱን በፀሐይ የሚለካ ሰጪ ማን ያምናል?

ከእሱ በኋላ የመጡት ጥርሳሞቹ ናቸው። አንዷ አኩርፋ ብታስቸግረኝ በምላጭ ሰንጥቄ ውስጧን አየሁት። መግቢያዋ ላይ ደቃቅ ፍርግርግ አለ። ከፍርግርጉ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ጥርስ የወጣለት ዚግዛግ መንገድ፣ ከመንገዱ መጨረሻ ትንሽ ገንዳ፣ ከገንዳዋ ወደ ውጭ ቀዳዳ። ውሃው ከጥርስ ጥርስ እየተላተመ ይናወጣል። መናወጡ ጥቅም አለው፤ ግፊቱ በግማሽ ቢወርድ የሚወጣው ውሃ ከመቶ 71 ላይ ይቆማል እንጂ 50 አይገባም። ሙቀትም እንደዚያኛው አያሞኘውም። ሽክርክሪቱም ደለሉን እያነሳ ይጠርጋል። እውነት ለመናገር ሲያዩት ያምራል፤ ላመሰግን አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ጥርሶቹ ሥር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ውሃው አይሮጥም። እዚያ ጥግ አረንጓዴ ነገር ተቀምጧል፤ ያሙለጨልጫል፣ በጣት ሲያሹት ደቃቅ ጭቃ አለው፣ ሲያሸቱት ቆሮሶ ቆሮሶ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ጠቅጥቋቸዋል። የመጨረሻዎቹ ንጹሕ ናቸው፤ እነሱ ጋ የደረሰ የለማ!

ሦስተኛዋ ባለምላሷ ናት። ውስጧ ስስ ላስቲክ አለ፤ ግፊት ሲበዛ ላስቲኩ መንገዱን ያጠባል፣ ሲቀንስ ይለቃል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ያለውም ጫፍ ላይ ያለውም እኩል ይጠጣል፤ ተዳፋት መሬት ያለው ሰው የሚገዛው እሷን ነው። አንዳንዷማ ሞተር ሲነሳ፣ ግፊቱ ገና ሳይሞላ መንገዷን ወለል አድርጋ ራሷን ታጥባለች። ሳይነግሯት ፊቷን የምትታጠብ! ከልጅ ልጆቼ አንዱን እንኳን እንዲህ ማሳደግ አልቻልንም። ዋጋዋ ግን እንደ ጠባይዋ ነው፤ ደግሞም ላስቲክ ነውና ያረጃል፣ ይደርቃል፤ ደቃቅ አሸዋ ከሥሩ ከገባ አይገጥምም፣ ያኔ መለካቱን ትታ መትፋት ነው። ማርጀትና መለካት አለመቻልን እኔም አውቀዋለሁ፤ አልፈርድባትም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የበርሜሉ ነገር ነው። ነጋዴው አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ቆጥ ላይ በርሜል ሰቅሎ «ጋሼ፣ ሞተርም አያስፈልግዎትም» ይላል። ጎማው ላይ በሰዓት 2 ሊትር ተብሎ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን 10 ሜትር ግፊት ታስቦ ነው። በአንድ ሜትር ጥርሳሟ 0.63 ሊትር ትሰጣለች። የጸጥተኛው ዓይነት ከሆነ 0.2 ሊትር ብቻ፤ ባለምላሷማ መለካቷን ጨርሶ አትጀምርም። ለጓሮ ጎመን፣ ለዝቅተኛ ግፊት ተብሎ የተሠራ ጎማ አለ፤ እሱን ቢሸጥልን ማን ይቆጣል? ያልተሠራበትን ሸጦ «አያያዝዎ ነው» ይለኛል። ደግሞ ውሃ ሲያዘግም ጭቃው ይቀመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ደለል ግን ቀስ ያለ ቀን ይተኛል። የጎማው ጫፍ ከመሀሉ ይልቅ ቶሎ የሚደፈነውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው በየመንገዱ ሲቀነስ ጫፉ ላይ እግሩ ይከብዳል።

የውሃችንንም ነገር እንነጋገር። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ከሥሩ ይደፈርሳል። የመቂና የቀታር ወንዞች በክረምት የሰው ማሳ ተሸክመው ይገቡበታል። ላዩን አልጌ አለው። የጉድጓድ ውሃ ያላቸው ወዳጆቼ «እኛ ንጹሕ ነን» እያሉ ይኮሩብኛል፤ ካልሲየም የበዛበት ጉድጓድ የገጠመው ሰው ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲጋገርበት፣ ብረት የበዛበት ደግሞ ቀይ ንፍጥ ሲሞላው ያየዋል። ከደለል፣ ከሕይወት ካለውና ከኖራ ማንም አያመልጥም፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ ይደርስብሃል ነው።

አንድ የተማረ ሰው «የኢሚተሩ መንገድ አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ያለው ሁሉ ያልፋል» ሲል ሰማሁት። ሠርግ ቤት ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። የድንኳኑ በር አንድ ወፍራም ሰው በደንብ ያሳልፋል። ሦስት ወፋፍራም ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲሉ ግን በሩ ላይ ይቀረቀራሉ፤ ከኋላ ያለው እድምተኛ ሁሉ ወጥ ሳይቀምስ ይመሻል። አሸዋም እንዲሁ ተደጋግፎ ነው የሚደፍነው። ስለዚህ ማጣሪያው ከኢሚተሩ መንገድ አንድ አሥረኛ የሚያህለውን ቅንጣት ሁሉ መያዝ አለበት ይላሉ የሚያውቁት። መንገዱ አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ100 ማይክሮን በላይ ያለውን፣ 0.7 ከሆነ ከ70 በላይ ያለውን። በተለምዶ የሚገጠመው ባለ 120 ሜሽ ማጣሪያ የሚይዘው ከ130 ማይክሮን ወዲያ ነው፤ ለሰፊዋም ትንሽ ያንሳታል፣ ለጠባቧማ ለስሙ ነው። ለሐይቅ ውሃ ደግሞ አንድ ወንፊት ማሰር አይበቃም፤ አልጌውን የሚይዝ የአሸዋ ማጣሪያ ከፊት፣ ከኋላው ባለዲስኩ መኖር አለበት። ሂሳቡን ለነጋዴው ስነግረው «እሱን ቀስ ብለው በኋላ ይገዙታል» አለኝ። ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ በኋላ አይጠጣም፣ ልጄ።

ማጣሪያው ሁሉን ይይዛል ብለህ እንዳትተኛ ደግሞ። ደቃቁ ጭቃ ከየትኛውም ዲስክ ያልፋል። ብቻውን ቢሆን በኢሚተሩ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣ ነበር፤ ባክቴሪያው ንፍጡን ያበድረውና ተጣብቆ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ክሎሪን ነው፤ በሽንኩርቱ ላይ እንዳይበዛ ተለክቶ፣ የጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም እንዲቀር ተደርጎ። በቤታችን ያለው ክሎሪን በረኪና ነው። ባለቤቴ አንድ እሑድ የነጠላ ማጠቢያዋን ብትፈልግ አጣችው። «በረኪናዬን የት አደረሱት?» አለችኝ። አንቱ ስትለኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ለጎማ ነው ብላት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት ከኢሚተሩ ዝምታ ይከፋል። ኖራ የሚበላ አሲድም አለ፤ እሱን ከበረኪና ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ የቀላቀለ መርዝ ጋዝ ይነሳበታልና ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ኢሚተር አይደለም፤ ዕድር ነው።

በዚህ አላበቃሁም፣ ሲኒዎቿንም ወሰድኩ። ቦይ ሲደፈን በዓይን ይታያል፤ ኢሚተር ሲደፈን የሚነግርህ ሽንኩርቱ ነው፣ እሱም ከጠወለገ በኋላ። ስለዚህ አንዱን ሲኒ ከጎማው ራስጌ፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ከግርጌ ኢሚተር ሥር አስቀምጣለሁ። በሰዓት 2 ሊትር የምትሰጥ ኢሚተር የእኛን የቡና ሲኒ በሁለት ደቂቃ ገደማ ትሞላዋለች። የራስጌው ሞልቶ ሲፈስ የግርጌው ታቹን ብቻ ካረጠበ፣ የጎማውን ጫፍ ፈትቼ ማጠብ ነው። ጫፉ ሲፈታ መጀመሪያ የሚወጣውን ያየ ሰው ለሳምንት ውሃ አይጠጣም፤ ጥቁር ቡናማ ነገር፣ የአልጌ ድውር፣ ጎማ ሲቆረጥ የተረፈ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ። አጠባውም ሕግ አለው። ለአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትሩ ጎማ፣ ከጫፉ የሚወጣው ውሃ የአንድ ሊትር ጣሳ በሃያ ሰከንድ ገደማ ካልሞላ ጭቃውን እየጎተተ አይደለም፣ እያባበለው ነው። ሁሉንም ጎማ አንድ ላይ ፈትቶ ማጠብም አይሆንም፤ ግፊቱ ይከፋፈልና አንዱም ሳይታጠብ ይመሻል። ጥቂት ጥቂቱን ነው።

ጎረቤቴ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው። ለአፈር የሚበተነውን ማዳበሪያ በበርሜል በጥብጦ በጎማው ለቀቀው። ያ ማዳበሪያ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፤ ዝቃጩ እንደ ቀልድ ማሳውን ዘጋው። ሌላው ተራቀቅኩ ብሎ የሚሟሟውን ገዛ፤ ካልሲየም ናይትሬትን ከፎስፌቱ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ ቀላቀለ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ጨዋ ናቸው፤ ሲገናኙ ነጭ ጠመኔ ወልደው ያንኑ ጥርስ ሁሉ ይሞሉታል። ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን፣ መጨረሻ ላይ ንጹሕ ውሃ አስከትሎ እንጂ እንዲያ አይደለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ!

የሠራተኞቹን ነገር ልተወው ብል አልችልም። ጎማው ሲዘረጋ ቀዳዳው ወደ ሰማይ ይዙር እላለሁ፤ ወደ መሬት አዙረው ይዘረጉታል። ብቆጣ አንዱ «አባባ፣ ውሃ ወደ ታች አይደል የሚሄደው?» አለኝ። ውሃውስ ወደ ታች ነው፤ ደለሉም ወደ ታች ነው፣ የጎማው ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ቀዳዳዋ ከታች ከሆነች አልጋው ውስጥ ገብታለታለች ማለት ነው። ደግሞም ሞተር ሲጠፋ ውሃው ወደ ዝቅተኛው ሥፍራ ይሸሻል፣ ከላይ ያለው ጎማ ባዶ ሲሆን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀዳዳዋ ጭቃ ላይ ከተኛች የምትስበው ጭቃውን ነው። ማሳው አናት ላይ አየር ማስገቢያ ቫልቭ ቢኖር ይህ አይመጣም ነበር። ቫልቩስ? «ቀስ ብለው በኋላ ይገዙታል።»

እንግዲህ እኔን የሚያናድደኝ ቀዳዳዋ አይደለችም። እሷ በተሠራችበት ልክ ትሠራለች። የሚያናድደኝ፣ ሻጭም ገዥም መካሪም ጎማውን ሲጠይቁ፣ ውሃውን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ደለል አለህ ወይ? አልጌ አለህ ወይ? ኖራ አለህ ወይ? መሬትህ ተዳፋት ነው ወይ? መልሱ ነው ጥርሳሟን ወይም ባለምላሷን የሚመርጥልህ፤ ማጣሪያውንም የሚለካልህ። እኛ ዘንድ መራጩ ዋጋ ነው፤ ጠባቡን በርካሽ ገዝተን ማጣሪያውን ለሚቀጥለው መኸር እናሳድረዋለን።

ስለዚህ አሁን ወደ ሱቅ ስሄድ ምላጬን ኪሴ ከትቼ ነው። «የውስጥ መንገዱ ስፋት ስንት ነው? ይህ ሊትር በስንት ግፊት ነው? ፋብሪካው ስንት ማይክሮን ማጣሪያ ይገጠምለት ብሏል?» እላለሁ። ባለሱቁ ጎማውን በመዳፉ ጨብጦ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ጥቁርና ጠንካራ ነው» ይለኛል። ጥቁርና ጠንካራስ እኔም ነኝ፤ ማን ሽንኩርት አጠጣብኝ? ምላጬን አወጣና ስንዝር ያህል ቆርጬ፣ ኢሚተሯን ሰንጥቄ፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ ጥርሶቿን እቆጥራለሁ። «የቆረጡትን ይክፈሉ» ይላል። እከፍለዋለሁ፤ ስንዝር ጎማ ከአንድ ማሳ ሽንኩርት ይረክሳል። የሚቀጥለው ሱቅ ከሩቅ ሲያየኝ በሩን መግጠም ጀምሯል አሉ። ይግጠም። በሕይወቴ ሲዘጋ ያላናደደኝ ቀዳዳ እሱ ብቻ ነው።